ያላለቀችው የሐና እጅ፦ ከለንደን እስከ ፓሪስ

ሐሙስ፣ ለንደን

ሂትሮው ስደርስ ካፊያ ነበር። የአክስቴ ልጅ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ከሥራ በቀጥታ ልትቀበለኝ መጣች። ነርስ ናት። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሻንጣዬን ግን አላስነካችኝም።

"እስከዚህ ከመጣሽ አይቀር ምን ምን እንይ?" አለችኝ ባቡሩ ውስጥ።

"አንድ ሥዕል።"

"አንድ ብቻ?"

"ለንደን አንድ፣ ፓሪስ አንድ።"

ዝም ብላ አየችኝና እጄን ያዝ አደረገች። "እሺ፣ መጀመሪያ ግን እንጀራ ብይ።"

ነገሩ የቆየ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አሮጌ የሥዕል መጽሐፍ ስገልጥ የመዳፍ የምታህል ፎቶ አየሁ። ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ሕጻናት። ቀለም የለውም። ጥቁር፣ ነጭና የወረቀቱ ቡናማ ብቻ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በከሰልና በነጭ ጠመኔ የሠራው የእመቤታችን፣ የልጇ፣ የእናቷ የቅድስት ሐናና የሕጻኑ ዮሐንስ መጥምቅ ንድፍ ነው። ሁሉም ነገር ሕይወት አለው፤ አንዲት እጅ ብቻ ባዶ መስመር ሆና ቀርታለች። የሐና እጅ። ያቺ እጅ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ገንዘብ አጠራቅሜ፣ ሁለት ቪዛ ለምኜ የመጣሁት እሷን ብዬ ነው።

ማታ ሽሮ እየበላን ለአክስቴ ልጅ ፎቶውን በስልኬ አሳየኋት። ገና እንዳየችው "ሐና ናት?" አለች። ለእሷ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የሐናና የኢያቄም ታሪክ በአራቱ ወንጌላት ውስጥ የለም፤ ከወንጌላቱ ውጪ በቆዩ ጥንታዊ ጽሑፎች ነው የተላለፈው። እኛ ግን ከልጅነታችን እናውቃቸዋለን። ግንቦት 1 ለልደታ ደጅ ተቀምጦ ንፍሮ የበላ ልጅ ሐና ማን ናት ብሎ አይጠይቅም።

ዓርብ፣ ለንደን

ብሔራዊ ጋለሪ ዓርብ ዓርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ሰው ቀለል ሲል ልግባ ብዬ ወደ 11 ሰዓት አካባቢ ሄድኩ።

ንድፉ ያለበት ክፍል ደብዘዝ ያለ ነው። ብርሃን ወረቀት ስለሚጎዳ ሆን ብለው ነው ያጨለሙት። ከደማቁ አዳራሽ ሲገቡ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አይታይም። ከዚያ ዓይን ሲለምድ መጀመሪያ ሁለቱ ፊቶች ይመጣሉ። ልክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃው ጀርባ ያለ ሥዕል ቀስ እያለ እንደሚገለጠው።

ትልቅነቱን አልጠበቅኩትም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ41 ሴንቲ፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ4 ሴንቲ ገደማ ነው። አንድ ወረቀት አይደለም፤ ስምንት ወረቀቶች ተጣብቀው ነው። ጠጋ ሲሉ መጋጠሚያው ይታያል። እንዲህ ያለውን ሥራ ካርቱን ይሉታል። ቃሉ ዛሬ የልጆች ፊልም ማለት ሆነ እንጂ መነሻው ጣልያንኛ ነው፤ ትልቅ ወረቀት ማለት ነው። ሠዓሊው በመጨረሻው ሥዕል ልክ ንድፉን ወረቀት ላይ ይሠራል። ከዚያ መስመሮቹን ተከትሎ በመርፌ ይበሳሳና የከሰል ዱቄት እላዩ ላይ ይነሰንሳል። ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ሳንቃው ላይ የነጥብ መስመር ይተዋል። እዚህ ግን የመርፌ ቀዳዳ የለም። በመርፌ ተበስቶ ወደ ሳንቃ አልተገለበጠም። ንድፍ ሆኖ ተወለደ፣ ንድፍ ሆኖ ቀረ።

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ።

ማርያም በእናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ትልቅ ሴት ናት፤ የልጅ እናት ናት፤ ግን እናቷ ጭን ላይ ናት። የሁለቱ ራስ እኩል ከፍታ ላይ ነው። ጉልበቶቻቸው ተደበላልቀዋል፤ የትኛው እግር የማን እንደሆነ ለመለየት መቁጠር አለብህ። ከወገብ በታች አንድ ሰው፣ ከወገብ በላይ ሁለት ሰው ይመስላሉ። አንዳንዱ ይሄንን እንደ ስሕተት ያየዋል። እኔ አይመስለኝም። እናትና ልጅ ከአንድ ሥር እንደሚወጡ እንዲህ አድርጎ ያሳየ ሌላ ሥራ አላየሁም። ሕጻኑ ደግሞ ከማርያም እቅፍ እንደ ቅርንጫፍ ወጥቶ ወደ ዮሐንስ ያዘነብላል። ሦስት ትውልድ በአንድ ግንድ።

ከዚያ ዓይኖቹን ተከተልኩ። ሐና ማርያምን ታያለች። ማርያም ቁልቁል ልጇን ታያለች። ልጁ ዮሐንስን ያያል። ዮሐንስ ቀና ብሎ ልጁን ያያል። ዕይታው ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉት ጧፍ ነው። ሕጻናቱን የማታየው ሐና ብቻ ናት። እሷ የምታየው የራሷን ልጅ ነው።

ልጁ ዮሐንስን ሊባርክ ቀኝ እጁን አንሥቷል። ከዚያች ትንሽ እጅ አጠገብ ነው የሐና ግራ እጅ ያለችው። አመልካች ጣቷ ወደ ሰማይ ቀና ብሏል። ፊቷ ላይ ሊዮናርዶ ስንት ጊዜ ከሰሉን በጣቱ እንዳሸው እግዜር ይወቀው፤ የዓይኖቿ ጉድጓድ ጥላ እንደ ጭስ ነው፤ መስመር የለውም። እጇ ላይ ሲደርስ ግን ጥላ የለም፣ ብርሃን የለም። የዳር ዳር መስመር ብቻ። ወረቀቱ በውስጧ ያልፋል።

ሐና ለማርያም የምትነግራት ነገር ያለ መሰለኝ። "ይሄ ልጅ ካንቺ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ነው" የምትላት። በአንድ እጅ ልጇን ደግፋ፣ በዓይኗ እያባበለች፣ በሌላ እጇ ከባዱን ነገር ትነግራታለች። ልጅሽ ይሄዳል። ይህ የእኔ ንባብ ነው። ጣቲቱ የምታመለክተው ግን ግልጽ ነው፤ የዚህ ሁሉ ነገር ውሳኔ የመጣበትን ቦታ ነው። እጇ ሳታልቅ መቅረቷ ደግሞ ምናልባት የጊዜ ማጣት ይሆናል። የማርያም እግርም አላለቀም። ያም ሆኖ ከሥጋ የተሠሩት እጆች መሃል ያቺ ብቻ ከብርሃን የተሠራች ትመስላለች።

አክሊለ ብርሃን የለም። በራሳቸው ዙሪያ ወርቅ የለም። እኔ ያደግኩት ቅዱሳን በሙሉ ዓይናቸው ፊት ለፊት በሚያዩበት ሥዕል ፊት ነው። ሊዮናርዶ በ1452 በአውሮፓ አቆጣጠር ሲወለድ እኛ ጋ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዙፋን ላይ ነበሩ፤ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮንም በዚያው ዘመን እመቤታችንን ይሥል ነበር። የእኛ ሠዓሊ ቅድስናን በመስመርና በቀለም ተናገረ። ይሄኛው በጥላ ተናገረ። አንዱን ከአንዱ ማስበለጥ አልፈልግም። እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን መማተብ አማረኝ፣ አማተብኩም።

ቅዳሜ፣ ለንደን

ዛሬ ወደ በርሊንግተን ሐውስ ሄድኩ። ፒካዲሊ መንገድ ላይ ያለው፣ ሮያል አካዳሚ የሚባለው የሠዓሊያን ማኅበር ሕንጻ ነው። ንድፉ ዛሬም በዚህ ሕንጻ ስም ነው የሚጠራው። አካዳሚው ከ1779 ጀምሮ እንደነበረው በመዝገቡ ላይ አለ።

በ1962 አካዳሚው ገንዘብ ስለቸገረው ሊሸጠው ወሰነ። ከአገር ሊወጣ ነው ተባለ። ሕዝቡ ተነሣ። መዋጮ ተጀመረ፤ ንድፉ ለሕዝብ ሲታይ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰልፎ አየው። መንግሥት ቀሪውን ሞልቶ 800,000 ፓውንድ ተከፈለና እዚያው ለንደን ቀረ። ይህን ሳነብ ከዚያ 460 ዓመት ገደማ ቀድሞ በጣልያኗ ፍሎረንስ የሆነው ትዝ አለኝ። የሠዓሊያንን ታሪክ የጻፈው ጆርጆ ቫዛሪ እንደሚለው ሊዮናርዶ የሐናን ካርቱን አኑንዚያታ በሚባለው ገዳም ሲያሳይ ወንድ ሴቱ፣ ሽማግሌ ወጣቱ ለሁለት ቀን እንደ ክብረ በዓል ጎረፈ። እሱ የሚለው ይሄኛውን ንድፍ ሳይሆን የጠፋ ሌላ ንድፍ ነው ብለው ብዙዎቹ ያምናሉ። ሰው ለአንድ ወረቀት መሰለፉ ግን ያው ነው።

በ1987 ደግሞ አንድ ሰው ካፖርቱ ሥር የደበቀውን ጠመንጃ አውጥቶ ተኮሰበት። መስታወቱ ጥይቱን አስቀረው። ግን መስታወቱ ራሱ ተሰባብሮ የማርያም ደረት ላይ ወረቀቱን ቀደደው። ባለሙያዎች ከአንድ ዓመት በላይ እያንዳንዷን ቁራጭ በቦታዋ ሲመልሱ ቆዩ። ትናንት ጠባሳውን ፈልጌ ነበር። በዓይኔ አላገኘሁትም። ያንን ቁርጥራጭ በትዕግሥት የለቀሙትን እጆች አመሰገንኩ።

አካዳሚው ውስጥ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። የማይክል አንጀሎ ክብ እብነ በረድ፣ ታዴይ ቶንዶ። በ1504 እና 1505 አካባቢ ነው የተቀረጸው። እዚህም ማርያም፣ ልጇና ሕጻኑ ዮሐንስ ናቸው። ዮሐንስ ትንሽ ወፍ ይዞ ይዘረጋለታል። ልጁ ደንግጦ ወደ እናቱ ጭን ይሸሻል፤ ግን ዞሮ ወፏን ያያል። ወፏ እሾህ መሃል ስለምትመገብ የመከራው ምልክት ነው ይሏታል። ይሄም አላለቀም፤ የመሮው ጭረት በጀርባው ላይ እንዳለ ነው። ብዙ አልቆየሁም። ልቤ ሐና ጋ ነበር።

እሑድ፣ ለንደን

ጠዋት ከአክስቴ ልጅ ጋር ቅዳሴ ሄድን። ከዚያ ነጠላችንን አጣጥፈን ቦርሳ ውስጥ ከተን ወደ ጋለሪው ይዣት ሄድኩ። እዚህ አገር ስትኖር 14 ዓመት ሆኗታል፤ በትራፋልጋር አደባባይ በአውቶቡስ ስታልፍ ስንት ጊዜ ነው። ገብታ አታውቅም። "ለእኛ የሚሆን አይመስለኝም ነበር" አለችኝ።

ጨለማው ክፍል ስንገባ ድምጿ ጠፋ። እኔ ስለ ዕይታው፣ ስለ ስምንቱ ወረቀት ላስረዳት አፌን ስከፍት እጄን ጭምቅ አደረገችው። ዝም አልኩ። ረጅም ጊዜ ቆመች። በመጨረሻ በሹክሹክታ፦

"ስታገባ ነው እንደዚህ የተቀመጠችብኝ።"

ገባኝ። የተቀመጠችው እናቷ ሳትሆን እሷ ራሷ ናት፣ እናቷ ጭን ላይ። የሠርጓ ማግስት ጠዋት የእናቷ ጭን ላይ ወጥታ እንደ ሕጻን ያለቀሰችውን ማለቷ ነው። ቃሉ ተምታታባት። እናቷን ካየች ስድስት ዓመት ሞላት።

"ይቺ እጅ ምን ሆነች?" አለች ቆይታ።

"አላለቀችም።"

"እንደሱ ነው የምታደርገው እማዬም። ምንም ነገር ሲሆን ወደ ላይ። 'እሱ ያውቃል።'" እጇን አነሣች። ልክ እንደ ሐና።

ጋለሪው ሱቅ ውስጥ የንድፉን ፖስትካርድ ገዛች። ማታ ከጀርባው ላይ ረጅም ነገር ጻፈች። "ለእማዬ ስጪልኝ" ብላ ፓስፖርቴ መሃል አስገባችው።

ሰኞ፣ ፓሪስ

ባቡሩ ከሴንት ፓንክራስ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ከባሕሩ ሥር ስናልፍ ማስታወሻዬን አወጣሁ።

ሊዮናርዶ ሚላንን ፈረንሳዮች ከያዟት በኋላ በ1500 ወደ ፍሎረንስ ተመለሰ። ፍሎረንስ ለሐና ልዩ ፍቅር ነበራት። በ1343 ሕዝቡ ጨቋኙን ገዥ ያባረረው በእሷ በዓል ቀን፣ ሐምሌ 26 በእነሱ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ሐና የነጻነታቸውም ጠባቂ ነበረች። በሚያዝያ 1501 አንድ መነኩሴ፣ ፍራ ፒዬትሮ ዳ ኖቬላራ፣ ለማንቱዋ ከተማ እመቤት ለኢዛቤላ ዴስቴ ደብዳቤ ጻፈ። ሊዮናርዶ ሌላ የሐና ንድፍ እየሠራ ነው ይላታል። በዚያ ውስጥ ልጁ ከእናቱ እጅ አምልጦ በግ ያቅፋል። እናቱ ከሐና ጭን ብድግ ብላ ከበጉ ልታላቅቀው ትሞክራለች፤ በጉ የመሥዋዕት እንስሳ ነውና። ሐና ደግሞ ልጇን ልትይዛት ትፈልጋለች። መነኩሴው ምናልባት ሐና የክርስቶስ ሕማም እንዳይቀር የምትሻውን ቤተ ክርስቲያን ትወክል ይሆናል ይላል። አምስት መቶ ዓመት ያለፈው የዓይን ምስክር፣ ያውም ገና ከሰሉ ሳይደርቅ የተናገረ። ምልክት ማለት የኋላ ሰዎች የለጠፉት ነገር ብቻ እንዳልሆነ ለሚጠራጠር ይህ ደብዳቤ ይበቃል።

ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ስለሆነ ዛሬ የግድ ነው። ትኬቱን ቀድሜ በሰዓት ቆርጬ ነበር። ሁሉም ወደ ሞናሊዛ ይሮጣል። ሐና ያለችው ረጅሙ የጣልያን አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እዚያ ፊቷ ለመቆም ማንም አይገፋህም።

ይሄ በዘይት ቀለም፣ በሳንቃ ላይ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68። ሊዮናርዶ ከ1503 ገደማ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ከእጁ አልለየውም። በ1517 አንድ ጣልያናዊ እንግዳ ፈረንሳይ አምቧዝ ውስጥ ሽማግሌው ሊዮናርዶ ቤት አይቶታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሠዓሊው እዚያው ሞተ። ይሄም አላለቀም።

መጀመሪያ የፈለግኩት እጇን ነው። የለችም። የሐና እጅ ወገቧ ላይ አርፏል። ሰማይ የምታመለክት ጣት የለም። ዮሐንስም የለም። በእሱ ቦታ በግ አለ። ልጁ የበጉን ጆሮ ይዞ፣ እግሩን ጀርባው ላይ አንሥቶ፣ ዞሮ እናቱን ያያል። ማርያም ከእናቷ ጭን ላይ ተንጠራርታ ልትወስደው እጇን ዘርግታለች።

ዮሐንስ ለምን እንደወጣ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። "እነሆ የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግድ የእግዚአብሔር በግ" ያለው እሱ ራሱ ነው። ለንደን ላይ የሚመሰክረው ሰው ነበር። እዚህ የተመሰከረው ነገር መጣ። የለንደኑ ሥዕል ጎን ለጎን ነበር፤ ሁለቱ ራሶች እኩል። እዚህ ሐና ከላይ ሆናለች፤ ማርያም ዝቅ ብላለች፤ ልጁ ከእሷ በታች፤ በጉ ከሁሉ በታች። ዓይን ከሐና ራስ ተነሥቶ በማርያም ትከሻና በተዘረጋ እጇ በኩል ቁልቁል ይንሸራተታል፣ በጉ ላይ ያርፋል። እግሮቻቸው ገደል አፋፍ ላይ ናቸው። ከኋላ በረዶ የሚመስሉ ሰማያዊ ተራሮች።

እና ሐና ፈገግ ብላለች። ያ የጣቷ ነገር ወደ ፊቷ ገብቷል ብዬ አሰብኩ። ለንደን ላይ በእጅ የተነገረውን እዚህ ሳትናገር ታውቀዋለች። ልጇን አትከለክላትም፣ አትጎትታትምም። መነኩሴው ያያት ሐና ልጇን ለመያዝ ብድግ ትል ነበር፤ በመጨረሻው ሥዕል ግን እጇን ሰብስባ ተቀምጣለች።

ውበቱ አይካድም። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ለንደኑን መረጥኩ። እዚህ ሐና ሁሉን ያወቀች ሆናለች። እዚያ ግን ገና እየነገረቻት ነው። ማርያም ገና አልሰማችም፤ ልጇን እያየች ፈገግ እንዳለች ናት። ያቺ አንዲት ቅጽበት፣ ከባዱ ነገር ሳይደርስ ያለችው፣ ወረቀቱ ላይ ለሁልጊዜ ቀርታለች።

ሊዘጋ ሲል ጠባቂው በትሕትና ወደ በሩ አመለከተን።

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

ሌሊቱን በርሬ ጠዋት ገባሁ። ሻንጣዬን ቤት ጥዬ በቀጥታ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ቡና አፍልተው ነበር። መጀመሪያ ስለ ልጃቸው ነው የጠየቁኝ፤ ከስታለች ወይ፣ ይበርዳል ወይ፣ ሌሊት መሥራቱን አልተወችም ወይ። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ፖስትካርዱን አወጣሁ።

ጽሑፉን ከማንበባቸው በፊት ገልብጠው ሥዕሉን አዩት። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ካርዱን ግንባራቸው ላይ አስነክተው ሳሙት። ለንደን ውስጥ ያ ሁሉ ሰው መስታወት አለበትና ማድረግ ያልቻለውን።

"ሐና ናት" አሉ።

"አዎ አክስቴ።"

"ማርያም ጭኗ ላይ ናት።" ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። "ይሄ ዮሐንስ ነው። ከኋላ ያለው ሊባኖስ ነው። ልደታን ሊባኖስ ተራራ ላይ አይደል የወለደቻት።"

ያንን አላሰብኩትም ነበር። ከኋላቸው ያለውን ኮረብታ ስንት ሰዓት አይቼው፣ ስም ሊኖረው እንደሚችል አልመጣልኝም።

አክስቴ ካርዱን እያገላበጡ ጥቂት ቆዩ።

"ኢያቄምስ?" አሉኝ። "እሱን የት ተዉት?"